ወንበሬ ላይ የቀረው ኮት

ይህ የሆነው ባለፈው ክረምት፣ ሐምሌ ሲገባ፣ ጎንደር ከተማ ውስጥ በምሠራበት መሥሪያ ቤት ነው። የመሥሪያ ቤቱን ስም አልጠራም፤ ብጠራውም ከሌሎቹ የሚለይበት ነገር የለውም። ነገሩ ከአእምሮዬ አልወጣ ያለው ለሞት ቀርቤ ስለነበር ብቻ አይደለም። ሰው ለሞት መቅረቡን ቶሎ ይረሳል። እኔን ያልለቀቀኝ፣ በዚያ ከሰዓት በኋላ ባልደረቦቼ ደግ ሆነውልኝ ደግነታቸው ሊገድለኝ ምንም ያህል አለመቅረቱ ነው።

ቢሮ የዋለ ሰው ይህን ልማድ ያውቀዋል። በሥራ ሰዓት ሹልክ ማለት የፈለገ ሠራተኛ ኮቱን ወንበሩ ላይ ሰቅሎ ይወጣል። ሴቶቹ ሻርፕ ወይም ቦርሳ ይተዋሉ። ባለጉዳይ ሲመጣ አጠገቡ ያለው ሰው ቀና ሳይል «አለ፤ ኮቱ አለ» ይላል። ኃላፊ ሲጠይቅም መልሱ ያው ነው። ውሸት አይደለም፤ ኮቱ አለ። አንዳንዶቹ ለዚሁ ብቻ የሚሆን ኮት አላቸው፤ ቤት ገብቶ የማያውቅ፣ ክርኑ የሳሳ፣ ከባለቤቱ ይልቅ ብዙ ሰዓት ሥራ ላይ የሚውል ኮት።

እኔ ይህን አድርጌ አላውቅም። ጨዋ ስለሆንኩ ሳይሆን ሰው ሁሉ የሚያደርገውን ማድረግ ስለማልወድ ነው። በዚህም ቢሮው ውስጥ «ፈላስፋው» የሚል ስም ወጥቶልኛል። መጽሐፍ ስለማነብ ይመስለኝ ነበር። ለካ «አስቸጋሪው» ማለት ከብዷቸው ነው።

በዚያ ዓመት ሁለት ነገር ተገጣጠመብኝ። የስኳር በሽታ እንዳለብኝ ታወቀና በየጠዋቱ መርፌ መውሰድ ጀመርኩ። በዚያው ሰሞን የቡድን መሪነት ቦታ ለውድድር ወጣ። ሹመትን እንደምንቅ በየሻይ ቤቱ ሳስረዳ የኖርኩ ሰው ያን ቦታ ምን ያህል እንደፈለግኩት ለማንም አልተነፈስኩም። በሽታውንም አልተናገርኩም። አንድ ጎበዝ ባልደረባችን ኩላሊቱን ታሞ ፈቃድ የወጣ ጊዜ ኮሪደር ላይ «እሱማ አበቃለት» ሲባል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ተሽሎት ቢመለስም ለቁም ነገር የሚፈልገው አልነበረም። ስለዚህ መርፌዬን ቤቴ ወስጄ፣ ኮቴን ለብሼ፣ ጤነኛ ሆኜ እገባ ነበር። ሐኪሙ አጥብቆ የነገረኝ አንድ ነገር ነው፤ መርፌውን ከወሰድክ ምግብ እንዳትዘል።

በዚያን ቀን ጠዋት አያ ፈንታ የሚባሉ ባለጉዳይ ከአይከል መጡ። ዘለግ ያሉ፣ ጋቢያቸውን ዝናብ እንዳይነካው በላስቲክ የሸፈኑ አዛውንት ናቸው። የሟች ወንድማቸውን ቤት ጉዳይ ለመጨረስ ሲመላለሱ ከርመው ነበር፤ ፋይላቸው ግን አልተገኘም። «ከምሳ በኋላ ይምጡ፤ እፈልገዋለሁ» አልኳቸው።

«ሸጋ» አሉ። «ብቻ የመጨረሻዋ ማኪና እንዳታመልጠኝ።»

ሌሎቹ ምሳ ሲወጡ እኔ ቀረሁ። ለአያ ፈንታ ብዬ ነው ብል ደስ ይለኝ ነበር። እውነቱ ግን ኃላፊያችን ለምሳ የሚወጣው በእኛ በር በኩል ነው።

ቢሮው ቀዝቃዛ ነበር፤ ቢሆንም ላብ አጠመቀኝ። ኮቴን አውልቄ ወንበሬ ላይ ሰቀልኩና ወደ መዝገብ ቤት ሄድኩ። ሕንፃችን ከጣሊያን ጊዜ የቀረ ነው። መዝገብ ቤቱ ከኮሪደሩ መጨረሻ ላይ ነው፤ ግድግዳው ወፍራም፣ በሩ ከባድ፣ ከኋላ በራሱ የሚዘጋ። የአያ ፈንታን ፋይል በሌላ ሰው ፋይል ውስጥ ተሸጉጦ እንዳገኘሁት አስታውሳለሁ። ፊደሎቹ ሲሸሹብኝ አስታውሳለሁ። መቀመጥ አለብኝ ብዬ አሰብኩ። ከዚያ የሲሚንቶው ቅዝቃዜ ጉንጬ ላይ ነበር። ልጣራ ብዬ ማንን እንደምጣራ ስም ጠፋብኝ።

ከዚህ በኋላ ያለውን የነገሩኝ አብረውኝ የሚሠሩት ሂሩትና ጌትነት ናቸው፤ እየተቀባበሉ፣ አንዳንዴም እየተጣሉ።

ከምሳ ሲመለሱ ኮቴን ወንበሬ ላይ አዩት። ጌትነት አጨበጨበ። «ኑ እዩ! ፈላስፋው ዛሬ ሰው ሆነ!»

«እሰይ» አለች ሂሩት፤ «እስከ መቼ ድርቅ ብሎ ይኖራል?»

ከልባቸው ነው ደስ ያላቸው። ጌትነት ተነሥቶ የኮቴን ትከሻ አስተካከለ። ጠረጴዛዬ ላይ ወረቀት ዘርግቶ ክዳኑ የተከፈተ እስክሪብቶ አስቀመጠበት፤ ለሙያው አዲስ ስለሆንኩ ይህን አላውቅም ብሎ። ኃላፊው ብቅ ብሎ ሲጠይቅ ሁለቱም በአንድ አፍ «አለ፤ አሁን እዚህ ነበር» አሉ። ሊደውልልኝ ያሰበ አልነበረም። ሹልክ ላለ ሰው አይደወልም፤ ነውር ነው። ከእነሱ ጋር ለዓመታት ያላስማማኝ ግትርነቴ በዚያች ሰዓት ይቅር ተባለልኝ። እኔ መሬት ላይ ነበርኩ።

አያ ፈንታ በቀጠሯቸው መጡ። «ያ ሰውዬ የለም?»

«አለ አያ፤ ኮቱ አለ» አለ ጌትነት። «አረፍ ይበሉ።»

አረፍ አሉ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ቆይተው ጠየቁ፤ መልሱ ያው ሆነ። ደግመው ሲጠይቁ ጌትነት አዘነላቸው። «አያ፣ ዛሬ የሚመለስ አይመስለኝም። ነገ ቢመጡ ይሻላል።»

«ምነው? አለ ስትለኝ አልነበር?»

«ኮቱ ነው ያለው።»

«ሰውዬውስ?»

«ወጣ ብሎ ይሆናል።»

አያ ፈንታ በመስኮት ዝናቡን አዩት። ዞረው ኮቱን አዩት። «በዚህ ዶፍ ኮቱን ጥሎ ወጣ?»

ሂሩት ሳቋ አመለጣት። «የቢሮ ኮት እኮ ነው አያ።»

«የቢሮ ኮት ደግሞ ምን ዓይነት ነው? ብርድ አይመልስም?»

«ኃላፊ ይመልሳል» አለ ጌትነት።

እሳቸው አልሳቁም። «በኛ አገር ሰው ልብሱን ጥሎ ከጠፋ ይፈለጋል» አሉና ኮቱን ከወንበሩ አንሥተው፣ ክንዳቸው ላይ አጥፈው፣ ወጡ።

ቢሮው ተረበሸ። ኮቱ ከወንበሩ ከተነሣ እኔ የለሁም ማለት ነው፤ ያለሁበት ሌላ ማስረጃ አልነበረም። ጌትነት ከወንበሩ ዘሎ ተነሣ። «ኧረ አያ! ኮቱን ይመልሱት!»

አያ ፈንታ ኮሪደሩን ይዘው በየበሩ አንገታቸውን እያስገቡ «የዚህ ኮት ባለቤት! ኧረ ባለኮት!» ይላሉ። ሰው ከየቢሮው እየወጣ ይስቃል። ጌትነት ደርሶባቸው አንዱን እጅጌ ያዘ። «አያ በማርያም! ሰውዬውን እንጀራ ሊያሳጡት ነው!»

«እንጀራውን ለመብላት መጀመሪያ ይገኝ» አሉና ኮቱን ወደራሳቸው ሳቡት። አንዱ አንዱን እጅጌ፣ አንዱ ሌላውን እየጎተቱ፣ ሂሩት ከኋላ እየተከተለች፣ ኮሪደሩ መጨረሻ ደረሱ። አያ ፈንታ ከባዱን በር በትከሻቸው ገፉት።

ሂሩት እዚህ ላይ ስትደርስ ድምጿ ይለወጣል። መጀመሪያ ያየችው ጫማዬን ነው።

ጌትነት እጅጌውን ለቀቀ። አያ ፈንታ ተንበርክከው ቀና አደረጉኝና ከሁሉ በፊት ኮቴን ደረቡልኝ። ሂሩት ላቤን አይታ «ስኳር አለበት እንዴ?» ብላ ጮኸች። እናቷን እንዲህ ሲያደርጋቸው አይታለች። ሰው ሁሉ እርስ በርሱ ተያየ።

«የለበትም» አለ ጌትነት። «ቢኖርበት ይነግረን ነበር።»

እሷ መልሱን አልጠበቀችም። ስኳር በውኃ በጥብጣ አመጣች። ዓይኔን መግለጥና መዋጥ እችል ስለነበር በጥቂት በጥቂቱ አጠጣችኝ። ከዚያ በባጃጅ ሆስፒታል ወሰዱኝ።

«ማን አገኘህ?» አለኝ ሐኪሙ።

«ከአይከል የመጡ ባለጉዳይ።»

«ባልደረቦችህስ አልነበሩም?»

«እነሱም መጥተው ነበር» አልኩት። «ኮቴን ሊያስመልሱ።»

አያ ፈንታ ማኪናዋ አምልጣቸው ዘመድ ቤት አደሩ። በማግስቱ ሙዝ ይዘው ሊጠይቁኝ መጡ። የጠበቅኳቸው የምስጋና ንግግር እያዘጋጀሁ ነበር፤ ብዙ ያነበበ ሰው እንዲህ ያለውን ነገር ባዶ እጁን አይጠብቅም። ገና ስጀምር በእጃቸው አስቆሙኝ። «እግዜር ይማርህ። ተወው አሁን። ፋይሌ ግን ተገኘ?»

ተገኝቷል። ስወድቅ ይዤው ነበርና ከሥሬ ነው ያነሡት። ጌትነት በዚያው ቀን ሌላ ሥራ ሳይነካ ጉዳያቸውን ጨረሰላቸው።

ታሪኩን የሰሙ ሁሉ «ይኸው፣ በሽታህን ብትናገር ኖሮ» ይሉኛል። ልክ ናቸው። ቀሪውን ግን አይጠይቁኝም። የቡድን መሪነቱን አላገኘሁም። «አንተ አሁን ጤናህን ጠብቅ» ተባልኩ፤ የተናገሩት ሰዎች ፊት ላይ ክፋት አልነበረም። የፈራሁት እንደፈራሁት ሆነ። በቅርቡ ስለ ስኬታማና ጤናማ የሥራ ሕይወት ሊያሠለጥነን የመጣ ወጣት ስኬትና ጤና ተያይዘው እንደሚሄዱ በፈገግታ ሲያስረዳን እጄን አላወጣሁም። እኔ ዘንድ አንዱ ሲገባ ሌላው ወጥቷል። ለሠልጣኞች የሚሆን ወሬ አይደለም። ቢሆንም ምሳ ሰዓት ሲደርስ ኮቴን ለብሼ፣ ኃላፊው እያየኝ፣ «ልበላ ሄድኩ» ብዬ እወጣለሁ። ስኳሬ መሳቢያዬ ውስጥ ነው፤ የት እንዳለ ቢሮው ሁሉ ያውቃል። ያቺን «ልበላ ሄድኩ» የምትል ዓረፍተ ነገር ለመናገር ይህን ያህል ዓመት መፍጀቴ ያሳዝነኛል፤ ስናገራት ግን እያንዳንዱ ቀን ቀለል ይለኛል።

በጌትነትና በሂሩት ቂም የለኝም። የሚያውቁትን ደግነት ሁሉ ነው ያደረጉልኝ።

ኮቶቹ ዛሬም በየወንበሩ አሉ። እኔ ግን ባለቤት የሌለው ኮት አይቼ ማለፍ አቅቶኛል። በቀደም የጌትነት ኮት ብቻውን ብዙ ቆየ። ብጠይቅ «አለ፤ ኮቱ አለ» አሉኝ። አንሥቼ ክንዴ ላይ አጠፍኩትና በየበሩ እየጠየቅኩ ወጣሁ። ከግቢው ጀርባ ካለች ሻይ ቤት ኳስ ሲያይ አገኘሁት። ኮቱን እጄ ላይ ሲያይ ዓይኑ ፈጠጠ።

«ምነው አንተ! ደህና ነኝ እኮ! ልታስበላኝ ነው?»

ኮቱን ዘረጋሁለት። ጥቂት አየኝ፤ ቁጣው ከፊቱ ወረደ። ኮቱን ተቀብሎ ለበሰው፤ ቁልፎቹንም ቆለፋቸው።

«በጣም ቆየሁ እንዴ?» አለኝ።

«አላውቅም» አልኩት። «ኮቱ አለ ሲሉኝ ነው የመጣሁት።»