ዘፈኑን ደብዳቤ አሉት

በአንድ ካሴት ምክንያት ስምንት ወር ታስሬያለሁ። ዘፈን መሆኑን የሚያውቅ ሰው ነበር፤ ዝም አለ። እኔ እስር ቤት ሳለሁ እናቴ ሞተች፤ አፈር አላለበስኳትም። በደርግ ዘመን የደረሰብኝ ብዙ ነው፤ ይኼኛው ግን ከሆዴ አልወጣም።

በ1976 ዓ.ም. ደባርቅ ላይ በቅሎ ጫኝ ነበርኩ። ዋልያ ሊቆጥር የመጣ አንድ ፈረንጅ ይዤ ስሜን ተራራ ላይ ሁለት ወር ዞርኩ። ሲሄድ ቴፑን ከነካሴቱ ሰጠኝ። የፈረንጁ አስተርጓሚ እንደነገረኝ የካሴቱ ዘፋኞች አርጅተዋል፤ ባገራቸውም የሚሰማቸው ጥቂት ሰው ነው፤ ያ ጥቂት ሰው ግን ይሞትላቸዋል። ካሴቱ በስተርጅና ያወጡት ነው።

አንዱ ገጽ ሙሉውን አንድ ዘፈን ነው። በነፋስ ድምፅ ይጀምራል፤ ቀጥሎ ብረት ለብረት ይንቋቋል፤ መሐል ላይ ጸጥ ይልና አንድ ሰውዬ ብቻውን ያወራል። ጠላ ቤት ስከፍተው ሰው በሳቅ ሞተ።

"አንተ፣ ይኼ ዘፈን ነው ወይስ ሊማሊሞን የሚወጣ የጭነት መኪና?" አለችኝ ጠላ ሻጯ።

ያን ጊዜ ፊደል ያልቆጠርን ሰዎች ደብዳቤ የምንላላከው በካሴት ነበር። ወሬያችንን ቀድተን በመንገደኛ እንሰዳለን። ስለዚህ የቀበሌው ሊቀመንበር ካሴቱ ላይ ሰውዬው ሲያወራ ቢሰማ፣ ከውጭ የተላከ ደብዳቤ ነው፣ በጩኸት ሸፍነውታል አለ።

"ለማን ልታደርስ ነው?"

"ጓድ ሊቀመንበር፣ ዘፈን ነው እኮ!"

"ዘፋኝ ያወራል እንዴ?"

ከዳባት የእንግሊዝኛ አስተማሪ አስጠሩ። ሰማው። አንዴ ቀና ብሎ አየኝ። ከዚያ የሰውየውን ንግግር ተርጉሞ ጻፈ፦ ከተራራው እንወርዳለን፣ ግንቡ ይፈርሳል።

"ደብዳቤ ነው አይደል?" አለው ሊቀመንበሩ።

"ይመስላል።"

በቃ፣ እሷ ቃል አሳሰረችኝ። ጣቴን ቀለም ነክረው አስፈረሙኝ።

የእናቴን ሞት የነገረኝ ስንቅ ያመጣልኝ ጎረቤት ነው፤ ከተቀበረች ሳምንት አልፏታል። ፊደል የቆጠርኩት እዚያው እስር ቤት፣ በመሠረተ ትምህርት ነው። ከደርግ ያተረፍኩት እሱን ብቻ ነው።

ስፈታ አስተማሪው ባየኝ ቁጥር መንገድ ይቀይር ጀመር። ሁለት ዓመት እንዲህ ኖርን። በመጨረሻ ሽማግሌዎችና የንስሐ አባቴን ይዞ፣ ማጅራቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሞ ደጄ መጣ።

"ስለ ማርያም ብለህ ማረው፣ ድንጋዩን አውርድለት" አሉኝ ሽማግሌዎቹ።

"መጀመሪያ ይናገር።"

"ዘፈን መሆኑን አውቄ ነበር" አለ መሬት መሬት እያየ። "እውነቱን ብናገር ካንተ ጋር ያስሩኛል ብዬ ፈራሁ።"

"እናቴን ማን ቀበራት?"

ድንጋዩን እንደተሸከመ ላብ በግንባሩ ወረደ። እኔም ወዲያው አላወረድኩለትም።

"ልጄ፣ አንተም ነገ ምሕረት ትለምናለህ" አሉኝ የንስሐ አባቴ። አወረድኩለት።

አሁን ስንገናኝ ሰላም እንባባላለን። ፍርሃቱ ይገባኛል፤ ያን ጊዜ ያልፈራ ማን ነበር? አንጀቴ ግን አልራራለትም። ምሬሃለሁ ያልኩት ለሽማግሌዎቹ ስል ነው።

ነገሩ አለቀ የተባለው ኅዳር 21 ቀን 1979 ዓ.ም. ነው።