መርዶ ከሬዲዮ በፊት

በመጀመሪያው የሥራ ቀኔ የጣቢያው ባለቤት ሞሪስ ስቱዲዮውን ያስጎበኘኝ አንድ ብርጭቆ ሻይ በማይጠጣበት ጊዜ ውስጥ ነው። ጣቢያው በእስራኤል፣ በአሽዶድ ከተማ የኢንዱስትሪ ሰፈር፣ ከአንድ የሴራሚክ መሸጫ በላይ ያሉ ሁለት ክፍሎች ነበር። ማይክሮፎኑንና የድምፅ ማደባለቂያውን አሳየኝ። ሦስተኛውን ማንሻ እንዳልነካ ነገረኝ፤ ሲነኩት ንብ የገባበት ይመስል ያጉረመርማል። በሩ ላይ ያለው ቀይ መብራት ከተቃጠለ ቆይቷል፤ በሩ ከተዘጋ አየር ላይ ነን ማለት ነው አለኝ። ምን እንድናገር እንደሚፈልግ ብጠይቀው ትከሻውን ሰበቀ። መሳደብ የለም፣ አርብ ሻባት፣ ሰንበቱ፣ ከመግባቱ በፊት መጨረስ ነው፤ ከዚያ ውጭ የአማርኛው ሰዓት የእናንተ ነው ብሎ ወደ ስልኩ ተመለሰ።

ሥራውን ያስተማሩኝ አያ ብርሃኑ ናቸው። ጎንደር እያሉ አስተማሪ ነበሩ። አሽዶድ ከገቡ በኋላ ወደብ ላይ ሠርተው፣ በመጨረሻ የአማርኛው ሰዓት ዋና አዘጋጅ ሆኑ። ዋና የተባሉት ሌላ አዘጋጅ ሳይኖር ነው። እኔ ስመጣ ማዕረጋቸው ትርጉም አገኘ።

በየቀኑ አመሻሹ ላይ አንድ ሰዓት ነበረን። ዜና እንተረጉማለን፣ የትምህርት ቤት ምዝገባና የክትባት ማሳሰቢያ እናነባለን፣ ዘፈን እናሰማለን። ሰው ይህን ሁሉ የሚታገሠን ግን መጨረሻ ላይ ለሚመጣው የኀዘን ማስታወቂያ ነበር። እዚህ አገር ቀብር አይቆይም። ዛሬ የሞተ ነገ፣ አንዳንዴም ዛሬውኑ ይቀበራል። ዘመዱ ደግሞ ከሰሜን እስከ ደቡብ ተበትኗል። ሬዲዮው ካልተናገረ ለቀብሩ ሰው አይደርስም።

በሌላ በኩል መርዶ በሬዲዮ አይነገርም። አባቱ የሞተበት ሰው ብቻውን እንደቆመ ከማያውቀው ድምፅ መስማት የለበትም። ሽማግሌዎች ተሰብስበው ቤቱ ይሄዳሉ፣ ያስቀምጡታል፣ በግራና በቀኝ ይይዙታል፣ ከዚያ ነው የሚያረዱት። ማስታወቂያው ይቸኩላል፤ መርዶው አይቸኩልም። የእኛ ሥራ ሁለቱን ማስታረቅ ነበር።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ቤተሰብ ይደውላል። አያ ብርሃኑ የሟቹን ስም፣ የቀብሩን ቦታና ሰዓት ይይዙና «ያልተረዳ ማን አለ?» ይላሉ፤ መርዶ ያልደረሰው ማን ነው ማለታቸው ነው። ወንድሙ ወደብ ላይ ፈረቃ ገብቷል ወይም ልጁ ጦር ሰፈር ናት ከተባለ ማስታወቂያው ይቆያል። ሰዎች ሄደው አርድተዋል የሚል ስልክ እስኪመጣ ድረስ ዋሽንት እንለቃለን። ስልኩ ሳይመጣ ዋሽንቱ አልቆ እንደገና የሚጀምርበት ቀን ነበር። አድማጭ ይህን ስለሚያውቅ ዋሽንቱ ከረዘመ ሁሉም ለየዘመዱ እየደወለ ደህንነቱን ይጠይቃል። ሌላው ጣቢያ አድማጩን በምን እንደሚይዝ አላውቅም፤ እኛ በፍርሃት ይዘነው ነበር።

እኔ በነገር ሁሉ የመከራከር አመል አለብኝና በዚህም ተከራከርኩ። ጣቢያ ይዞ ዜናን ማቆየት የት አገር ያለ ሥራ ነው ብዬ ቀኑን ሙሉ ስነዘንዛቸው ዋልኩ።

«አያ ብርሃኑ፣ እኛ ጋዜጠኞች ነን ወይስ ሽማግሌዎች?» አልኳቸው በመጨረሻ።

«አንቺ ጋዜጠኛ ሁኚ፤ ስልኩን እኔ አነሣለሁ» አሉኝ።

ሞሪስ ዋሽንቱን ይወድ ነበር። ለምን እንደሚረዝም ግን ጠይቆ አያውቅም። አንዳንድ ምሽት በበሩ ብቅ ብሎ ዛሬ ሙዚቃችሁ ግሩም ነበር ይለናል። አያ ብርሃኑም ጆሯቸው ላይ ስልክ እንደያዙ፣ የሰው ልቅሶ እየሰሙ፣ በእጃቸው ያመሰግኑታል።

ሞሪስ ሲደክም ልጆቹ ሬዲዮ አልፈለጉም። ጣቢያው በመሀል አገር ሌሎች ጣቢያዎች ላሉት ኩባንያ ተሸጠ። እኛ መሸጡን ያወቅነው የበሩ ታፔላ ሲነቀል ነው።

ስለዚህ ጉዳይ የተጻፉ ወፋፍራም መጻሕፍት አንብቤአለሁ። ባለቤት ሲለወጥ ጋዜጠኛ ይታፈናል፣ ስግብግብ ይነግሣል ይላሉ። በሰፈራችንም እንዲሁ ተባለ፤ ሞሪስ ደጉ፣ ኩባንያው ክፉው። እኔ አልስማማም። ሞሪስ አከበረን ብዬ አላስብም፤ ክፍል እንደሚያከራይ ሰው አንድ ሰዓት አከራይቶን በሩን ዘጋ። አሠራራችንን ያቆየልን ደግነቱ ሳይሆን አለመስማቱ ነው። መከራችን የጀመረው የሚሰማን አለቃ ሲመጣ ነው።

አዲሷ መናሄሌት፣ ሥራ አስኪያጇ ማለት ነው፣ ሊአት ትባላለች። ከሁላችንም በላይ ትሠራ ነበር። እንደመጣች ቀዩን መብራት አስቀየረች፣ ሦስተኛውን ማንሻ አስጠገነች፣ ከዚያ የምንናገረው ሁሉ በዕብራይስጥ ተተርጉሞ እንዲላክላት ጠየቀች። ያን ያህል ዘመን ስናወራ ምን እንደምንል የጠየቀን የመጀመሪያው ሰው እሷ ናት። ደስ አለኝ፤ አያ ብርሃኑን ግን ደስ አላላቸውም። ብዙም ሳይቆዩ ስልኩን ለእኔ አስረክበው ጡረታ ወጡ። ሮቫ ቴት በሚባለው ሰፈር ቤታቸው ሆነው በየምሽቱ ያዳምጡናል፤ በማግስቱ ደውለው የተሳሳትኩትን ይነግሩኛል።

ሊአት አድማጭ የሚበዛው የኀዘን ማስታወቂያው ላይ መሆኑን ደረሰችበት። ይህን የመሰለ ዝግጅት በየከተማው ተበታትኖ መቅረት የለበትም አለች። ማስታወቂያው በዋትስአፕ ይላካል፣ በዋናው ስቱዲዮ አንዲት አንባቢ ቀድማ ትቀርጸዋለች፣ ኮምፒውተሩ በተመደበለት ደቂቃ ይለቀዋል። ዋሽንቱ ባዶ አየር ነው ተብሎ ቀረ። ስፖንሰርም ተገኘ፤ የመቃብር ድንጋይ ጠራቢ። እኔ ለቃለ መጠይቁና ለዜናው ቀረሁ።

ገብቼ ነገርኳት። ያልተረዳ ሰው ምን እንደሆነ፣ ለምን እንደምንጠይቅ፣ ለምን እንደምናቆይ አስረዳኋት። በጥሞና ሰማችኝ። ጥያቄው ምን ያህል ጊዜ ይወስዳል አለችኝ። እንደ ሰዉ ነው አልኳት። ኮምፒውተሩ «እንደ ሰዉ» የሚባል ነገር አይቀበልም አለች፤ ስታሾፍ አልነበረም። ከዚያ መፍትሔ አገኘች፤ ቤተሰብ ሁሉም ከተነገረው በኋላ ብቻ እንዲልክ መመሪያ ይጻፍ። እኔው በአማርኛ ጻፍኩት። በዕብራይስጥም ተጻፈ። የሚያነበው ግን አልተገኘም። ለምን ያነቡታል? ሬዲዮው ደውሎ ሳይጠይቅ እንደማያነብ ሁሉም ያውቅ ነበር።

የአያ ብርሃኑ ታናሽ እህት ይመኙሻል ገደራ ከተማ ትኖር ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሆስፒታል ውስጥ አረፈች፤ ቀብሩ ለማግስቱ ጠዋት ተባለ። ልጆቿ ማስታወቂያውን ወዲያው ላኩ። ሬዲዮው ደውሎ ያልተረዳ ማን አለ ሲላቸው አሽዶድ ያለው አጎታችን ሊሉ ነው፤ ከዚያ ዋሽንቱ ይቆያል፣ እስከዚያ ሽማግሌዎቹ ይደርሳሉ። ሽማግሌዎቹም በዚሁ ሐሳብ በባለቤቷ ወንድም በአስፋው መኪና ተጭነው ወደ አሽዶድ ተነሡ።

እኔ ሮቫ ሄ ቤቴ ሆኜ እሰማ ነበር። አንባቢዋ ጥሩ ድምፅ አላት። መጀመሪያ የድንጋይ ጠራቢውን ስም አነበበች፣ ቀጥላ የይመኙሻልን ስም ከነአባቷ፣ ቀጥላም የአሽዶዱ የአቶ ብርሃኑ እህት አለች። ዋሽንት የለም። ደወልኩላቸው፤ አያነሡም። መኪናዬን አስነሥቼ ሮቫ ቴት ስደርስ አስፋው ሽማግሌዎቹን ከመኪና እያወረደ ነው። ስለ ሬዲዮው አንድም ሰው ትንፍሽ አላለም። ከኋላቸው ደረጃውን ወጣሁ።

በሩ አልተቆለፈም። ሳሎኑ ውስጥ ወንበሮች እንደ ልቅሶ ቤት ግድግዳውን ተከትለው ተደርድረዋል፤ የፕላስቲኮቹን አውቃቸዋለሁ፣ የጎረቤት ናቸው። ሁልጊዜ ማቀዝቀዣው ላይ የሚቀመጠው ሬዲዮ የለም። አያ ብርሃኑ ብድግ አሉ።

«ምን እግር ጣላችሁ? በደህና ነው?»

«ደህና ነን። እንዲያው ልናይህ ብለን ነው» አለ አስፋው።

ተቀመጥን። ስለ መንገዱ መጨናነቅ ተወራ፣ ስለ አንዱ ሽማግሌ ጉልበት ተወራ። ከዚያ አስፋው ይመኙሻል ሰሞኑን አሟት እንደነበር ተናገረ። ምን ሆነች አሉ። ሆስፒታል መግባቷን ነገራቸው። አሁንስ እንዴት ናት ሲሉ ሁለቱ ሽማግሌዎች ተነሥተው በግራና በቀኝ ያዟቸው።

«ብርሃኑ፣ ወንድሜ፣ እህትህ አርፋለች» አለ አስፋው።

ያን ጊዜ አለቀሱ። በሥራዬ ብዙ ልቅሶ ሰምቻለሁ፤ ያ የማስመሰል አልነበረም።

ሊአት ለሺቫው፣ ለሰባቱ ቀን ኀዘን፣ ራሷ መጣች። የሆነውን ነግሬአት ነበር፤ ፊቷ ተለዋውጧል። በአየር ላይ ይቅርታ እንዲጠየቅ አዛለሁ አለች፣ እኔ አስተረጎምኩ። አያ ብርሃኑ ወደ እኔ ዞሩ።

«መምጣቷን አከብራለሁ በያት። ይቅርታው ግን ይቅር። ሬዲዮ ነው ያረዳው ሊባል ነው። እኔን ያረዱኝ እነ አስፋው ናቸው።»

ሙሉ በሙሉ የገባት አልመሰለኝም፤ ግን እሺ አለች፣ ቃሏንም ጠበቀች።

ከሄደች በኋላ ጠጋ ብዬ ጠየቅኳቸው።

«እነ አስፋው እርስዎ መስማትዎን አላወቁም ማለት ነው?»

«እንዴት አያውቁም? አስፋው መኪናው ውስጥ ከእናንተ ጣቢያ ሌላ ከፍቶ ያውቃል? እነሱም መንገድ ላይ ሰምተዋል፤ ወንበሩንም አይተዋል» አሉኝ። «ሊያረዱኝ ያን ሁሉ መንገድ መጥተው ሰምቻለሁ ልበላቸው?»

ከዚያ በኋላ ማስታወቂያ የሚልክ እየቀነሰ ሄደ። ማንም ስብሰባ አልጠራም፣ ሰልፍ አልወጣም። ሰው አያ ብርሃኑ ቤት መደወል ጀመረ፤ እሳቸውም ያልተረዳ ማን አለ ብለው ይጠይቃሉ፣ ሁሉም ሲረዳ ልጃቸው በዋትስአፕ ቡድን ትለቀዋለች። ድንጋይ ጠራቢው ስፖንሰርነቱን ተወ። ሊአት የተመደበውን ደቂቃ ለዘፈን ሰጠችው። ቀዩ መብራት አሁንም በደንብ ይሠራል።

ለዚህ ሙያ አዲስ ለሆናችሁ የምለው ይህን ነው። ጣቢያ ሲሸጥ ሞገዱ፣ መሣሪያውና ስሙ ይሸጣል፤ ስልክ የሚደውለው ሰው ውሉ ላይ የለም። አዲስ አለቃ ሲመጣላችሁ አየር ላይ የሚሰማውን ሥራችሁን አታሳዩት፤ እሱን አለቃው ራሱ ይሰማዋል። የማይሰማውን፣ ያልተረዳ ማን አለ ብሎ የሚጠይቀውን ስልክ፣ አሳዩት።