ሙሉን «ውለጂ» ያልኳት ቀን

ይህን ለነፍስ አባቴ እንኳ አልተናገርኩም። ስንቴ መስቀላቸውን ስሜ ቀላል ቀላሉን ዘርዝሬ ተነስቻለሁ! ዛሬ ለማላውቃችሁ ለእናንተ ልናገረው፤ አንቆኛል።

የእህቴ የሙሉ የበኩር ልጅ አፉን ሳይፈታ አደገ። የሰው ዓይን አያይም፣ እጁን ይነክሳል፣ ከበሮ ሲመታ ይጮኻል። ይምርሐነ ክርስቶስ ገዳም ድረስ አዝላው ሄዳ ተሳለች። እኔ ያኔ አዲስ አበባ ስለ ዘረመል እማር ነበርና ደሙን ወስጄ አስመረመርኩ። ውጤቱን ሳይ ክው አልኩ።

ከዘረመል የሚወጣ አር ኤን ኤ የሚባል መልእክት አለ፤ ሰውነታችን ፕሮቲን የሚሠራው እሱን እያነበበ ነው። አንጎል ውስጥ ደግሞ ያንን መልእክት ለይቶ አጥብቆ የሚይዝ፣ ተራው ሳይደርስ እንዳይነበብ የሚያደርግ ሌላ ፕሮቲን አለ፤ መሪጌታ በማኅሌት አንዱን ወገን አቁሞ ሌላውን እንደሚያስነሳው። ልጁ ይህ ፕሮቲን የለውም። መልእክቱ ሁሉ ያለ ከልካይ ይነበባል። ጉድለቱ የመጣው በእናቱ በኩል፣ ከእኛው ዘር ነው፤ የሚቀጥለውም ልጅ፣ ይልቁንም ወንድ ከሆነ፣ ሊወርሰው ይችላል። አውቅ ነበር። እኔ ይህን ሁሉ አውቅ ነበር።

ታዲያ ለምን «ምንም አልተገኘም» አልኳት? ሽማግሌ ልኬ ነበራ! የላሊበላ ካህናት ቤት ልጅ ልትሰጠኝ ነው፣ ቤተሰቦቿ ዘሬን እያጣሩ ነው። በዘሩ በሽታ አለ ከተባለ አለቀልኝ። ፈራሁ። ለሚስት ብዬ እህቴን ሸጥኳት።

ቆይታ መጣችና «አንተ የተማርከው ነህ፤ ሌላ ልውለድ ወይስ ይቅርብኝ?» አለችኝ።

«ይቅርብሽ» ብላት ውሸቴ ይገለጣል። ዓይኗን እያየሁ «ውለጂ» አልኳት።

ሁለተኛውም ወንድ ሆነ፤ እንደ ታላቁ ሆነ። ባሏ ጥሏት ሄደ። እሷ ግን የኃጢአቴ ዋጋ ነው ብላ ተቀበለችው። ባለፈው ገና ላሊበላ ላይ ድንጋይ በጫንቃዋ ተሸክማ ቤተ ክርስቲያኑን ስትዞር አየኋት። እኔ ጋቢዬን ተከናንቤ ከሰው መሃል ቆሜ ነበር። ምን ዓይነት ሰው ነኝ? ሮጬ ድንጋዩን አውርጄ በደሉ ያንቺ አይደለም ማለት ይህን ያህል ይከብዳል? እኔን ግን ከበደኝ። ስትጨርስ አይታኝ መጣች፤ አንገቴን አቅፋ አለቀሰች።

«አንተ ባትኖር ምን ይውጠኝ ነበር፣ ወንድምዓለም» አለችኝ።

ይቅር በሉኝ አልላችሁም። ይቅር ማለት የምትችለው እሷ ናት፤ እሷ ደግሞ ምን እንዳደረግኳት እስከ ዛሬ አታውቅም።