ለማሽን ያስተማርኩት ኦፍሳይድ

የመጀመሪያ ቀን ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ ደፍቼ የድምፁን ቁልፍ ብጫነው ብጫነው ጭጭ አለ። ኳሱ ይመታል፣ ተጫዋቾቹ ይሮጣሉ፣ ደጋፊው አፉን ከፍቶ ይጮኻል፤ ድምፅ ግን የለም። እጄን አወጣሁና «ድምፁ የት ነው?» አልኩ። ክፍሉ ውስጥ የነበሩት ኬንያውያን ወጣቶች ሳቁ። ሱፐርቫይዘሯ፣ በአሥር ዓመት የምታንሰኝ ቀጭን ልጅ፣ ወንበሬ ድረስ መጥታ «ማማ፣ ድምፅ አያስፈልግም፤ ማሽኑ የሚያየው ምስሉን ብቻ ነው» አለችኝ። እዚህ አገር ልጅ የወለደች ሴት ስሟ ማማ ነው።

ድምፅ የፈለግሁት ለድምቀት አልነበረም። አገር ቤት ስምንት ዓመት የመስመር ዳኛ ነበርኩ። ሥራው ከውጪ ሲያዩት ባንዲራ ይዞ ወዲያ ወዲህ ማለት ይመስላል። ችግሩ፣ ኳሱን የሚያቀብለው ሰው አንድ ጥግ ነው፣ አጥቂውና የመጨረሻው ተከላካይ ሌላ ጥግ ናቸው፤ የሰው ዓይን ደግሞ ሁለቱም ጋ በአንድ ጊዜ አይደርስም። ስለዚህ ዓይናችንን ከተከላካዩ ላይ አናነሳም፤ ኳሱ መቼ እንደተመታ የምናውቀው በጆሯችን ነው። በዚያች ቅጽበት አጥቂው ተከላካዩን ቀድሞ ከተገኘ ኦፍሳይድ ነው፣ ባንዲራ ይነሳል። እኩል ከሆኑ አይነሳም። ስታዲየም ሙሉ ሰው «ወደ ወጥሽ ሂጂ!» እያለ ሲሰድበኝ ያነሳሁትን አውርጄ፣ ያላነሳሁትን አንስቼ አላውቅም። በዚህ እኮራ ነበር፤ እንደውም ከልክ በላይ እኮራ ነበር።

ናይሮቢ የመጣነው በባለቤቴ ንግድ ነው። ንግዱ በሁለት ዓመት ውስጥ ድራሹ ጠፋ። እኔ የዳኝነት ሰርተፊኬቴን ይዤ ዌስትላንድስ አንድ ቢሮ ሥራ አገኘሁ። ከየአገሩ የተቀረጹ ጨዋታዎች ተቆራርጠው ይመጡልናል። እኛ የአቀባዩ ጫማ ኳሱን የነካበትን ምስል እንመርጣለን፤ ከዚያ በአጥቂውና በተከላካዩ ትከሻ፣ ጉልበትና ጫማ ላይ ነጥብ እናስቀምጣለን። ማሽኑ እኛ ካስቀመጥነው ነጥብ ኦፍሳይድን ይማራል። ማሽን ለርኒንግ የሚሉት ይኸው ነው። ሲነግሩኝ በጣም ደስ አለኝ። ረግጬው የማላውቀው አገር አንድ ቀን እኔ ባስተማርኩት ዓይን ይዳኛል ብዬ ለእናቴ ደውዬ አወራሁላት። እናቴ ትንሽ አሰበችና «ታዲያ ደሞዙ የአንቺ ነው የማሽኑ?» አለችኝ።

የሥራ ፈቃዱ የወጣው በእኔ ስም ነው። ባለቤቴና ልጄ ናይሮቢ የሚኖሩት በእኔ ፈቃድ ላይ ተንጠልጥለው፣ ዲፔንደንት ፓስ በሚባለው ነው። ባለቤቴ በሕጉ መሥራት ስለማይችል ሁርሊንግሃም ያለውን የአክስቱን ልጅ ምግብ ቤት «ያግዛል»። የሚያግዘው ከጠዋት እስከ ምሽት ነው። ልጄ የሃይስኩል የመጨረሻ ዓመት ላይ ነበረች፤ ፈተናዋ ኅዳር ነው። የእኔ ፈቃድ የሚያልቀው ሐምሌ ላይ ነበር። ቢሮው የማሳደሻ ደብዳቤ የሚጽፈው ደግሞ ስኮሩ ከዘጠና በላይ ለሆነ ሠራተኛ ብቻ ነው። እንግዲህ የሦስታችንም ኑሮ ስክሪን ጥግ ላይ ባለች አንዲት ቁጥር ተያዘ።

ስኮሩ የሚወጣው እንዲህ ነው። አንድ ክሊፕ ለሦስት ሰው ይሰጣል። ሁለቱ ከተስማሙ እውነቱ እሱ ነው፤ ሦስተኛው ተሳስቷል። በመጀመሪያው ወር ሰማንያ አንድ አመጣሁ። በሁለተኛው ሰባ አራት። ቁጥሯ ቀይ ሆነች።

ደሜ ፈላ። የወደቅሁባቸውን ክሊፖች አንድ በአንድ ከፍቼ አየሁ፤ ነገሩን ለማወቅ ግማሽ ሰዓት አልፈጀብኝም። እኔ የምመርጠው ጫማው ኳሱን የነካበትን ምስል ነው፤ ሕጉም የሚለው እሱን ነው። ሌሎቹ የሚመርጡት ኳሱ ከእግሩ ለቆ በግልጽ የታየበትን፣ ሁለት ምስል የዘገየውን ነው። ክፋት የለባቸውም። አጠገቤ የሚቀመጠው ሆቴል ማኔጅመንት የተማረ ነው፤ ከፊቴ ያለችው ነርስ ነበረች። በሥልጠና ላይ መንካትን ከመልቀቅ ለይቶ የነገራቸው የለም፤ ኳሱ ሲለቅ ደግሞ ለማየት ይቀላል። ነገር ግን በእነዚያ ሁለት ምስሎች መሃል አጥቂው ወደ ግቡ ይሮጣል፣ ተከላካዩም ከግቡ እየሸሸ ይወጣል። እኩል የነበረው ሰው ቀድሞ ተገኘ ይባልና ትክክለኛ ጎል ይሻራል።

ስክሪኑ ላይ ዲስፒዩት የሚል ቁልፍ አለ፤ አልስማማም ለማለት ነው። ሃያ ክሊፕ ላይ ተጫንኩት። እያንዳንዱ ላይ ሕጉን ጠቅሼ፣ የምስሉን ቁጥር አስቀምጬ ጻፍኩ። ሃያውም «ከአብዛኛው መልስ ጋር አይጣጣምም» ተብለው ተመለሱ። ከሥር አንድ መስመር ተጨምሯል፦ ዲስፒዩት የሚያበዛ ሠራተኛ ስኮሩ ይቀነሳል። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከዚያ ተነስቼ መጸዳጃ ቤት ሄድኩ፤ እሱም ቢሆን በካርድ ተገብቶ በደቂቃ የሚቆጠር ነው።

ሱፐርቫይዘሯን ኮሪደር ላይ ያዝኳት። ክሊፑን በእጄ አየር ላይ እየሳልኩ፣ የሌለ ኳስ በጫማዬ እየመታሁ አስረዳኋት። እስክጨርስ ሰማችኝ።

«ፖሌ፣ ማማ» አለች። አይዞሽ ማለቷ ነው። «ልክ ልትሆኚ ትችያለሽ። ግን እስከ ዛሬ የተሰበሰበው ሁሉ እንደዚያ ነው የተሠራው። ደንበኛው የሚፈልገው አንድ ዓይነት መልስ ነው። አንቺ ለብቻሽ ስትለዪ ማሽኑ ግራ ይጋባል።»

«ይጋባ! እኔስ ግራ አልተጋባሁም?»

«አንቺማ ፈቃድሽ ሐምሌ ያልቃል» አለችኝ ዝቅ ባለ ድምፅ።

ልታስፈራራኝ አልነበረም፤ ከልቧ ጨንቋት ነው። ክፉ ብትሆን ኖሮ መሳደብ እችል ነበር።

ቤት ገብቼ ለባለቤቴ ዘረገፍኩለት። እግሩን ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክሮ ነበር የሚያዳምጠኝ፤ ቀኑን ሙሉ ሲያግዝ ስለሚውል ያብጥበታል።

«አሁን አንድ ምስል ወደኋላ፣ አንድ ምስል ወደፊት ብትይ ማን ይሞታል?» አለኝ።

«ነክቷል እኮ ነው የምልህ! ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ ነክቷል!»

«መንካቱንማ ነክቶ ይሆናል። ልጅቷ ፈተናዋን ትጨርስና ከዚያ ከፈለግሽ ከማሽኑ ጋር ተደባደቢ።»

ልጄ ከመኝታ ቤት ብቅ አለች። ሁሉን ሰምታለች። «ማሚ፣ ሲሪየስሊ፣ ወደ አዲስ ልንመለስ ነው? ኤግዛም ሳልፈተን? ሳሳ፣ አሁን እኔ ምን ልሁን?» አለች። ባለቤቴ ላይ የተናደድኩት ስለተሳሳተ አልነበረም፤ የሚከራከሩበት ቀዳዳ ስላልተወልኝ ነው።

በማግስቱ ዘዴ አበጀሁ። እግሩ ኳሱን የነካበትን ምስል እንደ ድሮው አገኛለሁ፤ ከዚያ ወደፊት የሚያስኬደውን ቁልፍ ሁለቴ እጫናለሁ፤ ነጥቡን እዚያ አስቀምጣለሁ። ነካ፣ አንድ፣ ሁለት። በሳምንቱ ስኮሬ ሰማንያ ስምንት ገባ። በወሩ ዘጠና ሦስት ሆነና ቁጥሯ አረንጓዴ ለበሰች። ነርሷ «ማማ፣ ጎበዝ ሆነሽ የለ!» ብላ ትከሻዬን መታ መታ አደረገችኝ። አመሰገንኳት። ምን ልበላት?

እነዚያን ወራት ሳስታውስ ከሁሉ በፊት የሚመጣብኝ መስኮቱ ነው። ብርሃን ስክሪኑ ላይ እንዳያንጸባርቅ በጥቁር ላስቲክ ተሸፍኗል፤ ዝናብ ይሁን ፀሐይ አይታወቅም። ስልካችንን መግቢያው ላይ ቆልፈን ነው የምንገባው። ስክሪኔ ላይ ግን ዓለም ሁሉ ያልፋል። በረዶ ላይ በቀይ ኳስ ይጫወታሉ፤ ቀጥሎ አቧራ የሸፈነው ሜዳ ይመጣል፤ ቀጥሎ ዝናብ ውስጥ የሚንሸራተቱ ሴቶች። ማልያቸውን እንጂ አገራቸውን አላውቅም። ያ ሁሉ ሕዝብ በሁሉም አገር አንድ ኳስ እያሳደደ ይሮጣል፣ እኔ ከአንድ ወንበር ላይ ሆኜ ነካ፣ አንድ፣ ሁለት እላለሁ። ሲመሽ ደግሞ ማታቱ በሚሉት ታክሲ ውስጥ ሌላ ወንበር ላይ እቀመጥና ትራፊኩ እስኪላቀቅ እጠብቃለሁ። ወደ አገሬ እንዳልሄድ ፓስፖርቴ ለእድሳት ገብቷል፤ ሥራውን እንዳልለቅ ሦስታችን ነን። የቁም እስረኛ ነበርኩ። የሚገርመው ያሰረኝ ሰው ብፈልግ አለመኖሩ ነው፤ ሁሉም ደግ ነበር።

ሰኔ ላይ አንድ ነገር አስተዋልኩ። ጣቴ ቁልፉን ሁለቴ መጫን ትቷል። የዘገየውን ምስል በቀጥታ ነበር የምመርጠው። አንዱን ክሊፕ መልሼ ከፈትኩና እግሩ የነካበትን ምስል ፈለግሁ፤ ነጥሎ ለመለየት አራት ጊዜ ማየት ነበረብኝ። ደነገጥኩ። ወዲያው ደግሞ ድንጋጤዬን ዋጥ አድርጌ የሚቀጥለውን ክሊፕ ከፈትኩ፤ የቀኑ ኮታ ነበረብኛ።

ሐምሌ ላይ ደብዳቤው ተጻፈልኝ፤ ፈቃዱም ለሁለት ዓመት ታደሰ። ልጄ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። ባለቤቴ ከምግብ ቤቱ ክትፎ ይዞ መጣ። እኔም ደስ አለኝ፤ አልዋሽም፣ ከልቤ ደስ አለኝ። ሌሊቱን ከብዙ ወር በኋላ ሳልባንን አደርኩ።

በዚያው ሳምንት እሑድ ፓርክላንድስ፣ የአንድ ትምህርት ቤት ሜዳ ላይ፣ የእኛ አገር ሰዎች ዓመታዊ ግጥሚያ ነበራቸው፦ ባለ ምግብ ቤቶች ከባለ ሱቆች። የሐምሌ ብርድ ነው፤ ሚስቶች ነጠላቸውን በጃኬት ላይ ደርበው ተቀምጠዋል። ፊሽካውን የያዙት ከመሃል ሜዳ የማይነቃነቁ አንድ ሽማግሌ ናቸው። «አንቺ ካለሽልኝ እኔ ምን አስሮጠኝ!» ብለው መስመሩንና ባንዲራውን ለእኔ ሰጡኝ። የመስመር ዳኛ መሆኔን ሁሉም ያውቃል። ባለቤቴ በየሄደበት ሲያወራ ነው የሚውለው።

ሁለተኛው አጋማሽ ሊያልቅ ሲል፣ አንድ ለአንድ እንደሆኑ፣ ባለ ምግብ ቤቶቹ ከኋላ ረጅም ኳስ መቱ። ሲመታ ሰማሁት። ዓይኔ መስመሩ ላይ ነበር፤ አጥቂያቸው ከመጨረሻው ተከላካይ ጋር ትከሻ ለትከሻ ነው። አጥቂው ለምግብ ቤቶቹ ጤፍ የሚያከፋፍል፣ የሁለት ልጆች አባት ነው፤ እንዲህ ይሮጣል ብዬ አስቤም አላውቅ። ባንዲራዬን አላነሳሁም። ብቻውን ገባ፤ በረኛውን አልፎ አስቆጠረ። ማልያውን ጭንቅላቱ ላይ ገልብጦ፣ ሆዱን ለብርድ ሰጥቶ ወደ ልጆቹ በረረ።

ያን ጊዜ ከተከላካዮቹ አንዱ እጁን አነሳ። «ኦፍሳይድ!» ሁለተኛውም አነሳ። ከዚያ ተከላካዮቹ በሙሉ፣ ቀጥሎም ከሜዳው ውጪ የተቀመጡት ባለ ሱቆች። የሰደበኝ የለም፤ ዝም ብለው ብዙ ነበሩ። ሽማግሌው ወደ እኔ ዞሩ።

እኩል እንደነበረ አውቃለሁ። አይቻለሁ፤ ሰምቻለሁ። ግን የተነሱትን እጆች ማየት ጀመርኩ። ስንት ናቸው? የማላውቀው ፍርሃት መጣብኝ፤ ብቻውን የተለየ ሰው የሚፈራው ፍርሃት። እዚያ ሜዳ ላይ የሚቀጣኝ አልነበረም፤ ፈቃዱም ታድሶ ቦርሳዬ ውስጥ ነው። ባንዲራዬን አነሳሁ።

ሽማግሌው ፊሽካቸውን ነፉ። ጎሉ ተሻረ። ባለ ሱቆቹ አጨበጨቡልኝ፤ «ዳኛ ማለት ይህቺ ናት!» ያለም ነበር። ፊቴ ጋለ።

ጤፍ አከፋፋዩ ማልያውን እያወረደ በመስመሩ ጠርዝ ወደ እኔ መጣ። ሊጣላኝ ነው ብዬ ጠበቅሁ፤ ቢጣላኝ ደስ ባለኝ።

«እህቴ፣ እኔ እኮ እኩል የነበርን መስሎኝ ነው» አለ እያለከለከ። «ልከራከር ብዬ ነበር። አንቺ ነሽ ያነሳሽው ሲሉኝ ተውኩት። ቀድሜ ነበር እንዴ?»

«በአንድ ጫማ» አልኩት።

«በአንድ ጫማ!» አለና ራሱን ነቀነቀ። «እንግዲህ ዓይኔ ነዋ የሸወደኝ» ብሎ ወደ ቦታው ተመለሰ።