የምንጩ ተራ

በተወለድሁበት ሸለቆ በአልጋው ላይ የሚሞት ወንድ ጥቂት ነበር። ገደል ይወስዳል፣ ወንዝ ይወስዳል፤ የተረፈውን ደግሞ ሰው ይገድለዋል። ልጆች ሳለን ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ መቃብሮቹን እየለየን እንጫወት ነበር፤ ይህ ከገደሉ የወደቀው፣ ይህ ደራሽ ውሃ የወሰደው፣ ይህ ወንድሙ የገደለው እያልን። የሚያስፈራ ነገር አልመሰለንም።

ሸለቆው ከአምበር ከተማ በእግር የግማሽ ቀን መንገድ ነው። ሜዳው ሳይታሰብ ያልቅና መሬቱ ከእግር ስር ይከፈታል። መውረጃው አንድ ብቻ ነው፤ ከገደሉ ተፈልፍሎ የወጣ፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያሳልፍ መንገድ። በሩ እንለዋለን። የተጫነ አህያ እዚያ ሲደርስ ጭነቱ ይራገፍና በሰው ጀርባ ይወርዳል፤ አህያው ባዶውን እየተንቀጠቀጠ ይከተላል። ታች ወንዙ ሸለቆውን ለሁለት ይከፍለዋል፤ ከወዲህ እኛ፣ ከወዲያ ዘመዶቻችን። በክረምት በሩ ያዳልጣል፣ ወንዙ ይሞላል፤ እስከ መስከረም ደጋውን በዓይናችን ብቻ እናየዋለን። በበጋ ደግሞ ወንዙ ይደርቅና ሁለቱም ወገን ከአንዲት ምንጭ ይቀዳል። ከትልቅ ቋጥኝ ስር የምትንጠባጠብ፣ አንድ እንስራ ለመሙላት ብዙ የምታስጠብቅ ምንጭ ናት።

ከጮቄ ተራራ በኩል የሚመጣው በረዶ የደረሰ ገብስ በአንድ ከሰዓት በኋላ ያጭዳል። እናቴ አንድ ጊዜ በበረዶው መሃል ሰፌድ ራሷ ላይ ደፍታ ጥጃ ልታመጣ ወጣች። ስትመለስ ሰፌዱ ተበሳስቶ፣ ደሙ ከግንባሯ እስከ አገጯ ወርዶ ነበር። ጥጃው እግሩን እንደተጎዳ ነገረችን። ስለ ግንባሯ ምንም አላለችም። እኔም እሷን መስያለሁ ይሉኛል።

ከወንዙ ወዲያ የአባቴ የአጎት ልጅ ይኖር ነበር። ሚስቱ የክርስትና እናቴ ናት፤ በሰማንያ ቀኔ አቅፋኝ የቆመች እሷ ነች። አያቶቻቸው ርስቱን ሲካፈሉ ወንዙን ድንበር አደረጉ። አንድ ክረምት ታዲያ ወንዙ አልጋውን ትቶ ወደ እኛ በኩል ዞረ። ሲጎድል፣ የእኛ የነበረ ሁለት ጥማድ የሚያህል ለም መሬት ከወዲያ ማዶ ተገኘ። አባቴ፣ ድንበሩ የድሮው የወንዝ አልጋ ነው አለ። ያኛው፣ ወንዝ ከተባለ ወንዝ ነው፤ እግዚአብሔር ያዞረውን እኔ አልመልሰውም አለ። ክርክሩ ደብረ ማርቆስ ድረስ ሄደ። አባቴ ማንበብ ስለማይችል የሚያነብለት ሁሉ የሚያታልለው ይመስለው ነበር። እኔ ትምህርት ቤት የገባሁት በዚህ ነው። ከአክስቴ ዘንድ ደብረ ማርቆስ አስቀመጠኝና፣ «በወረቀቱ ላይ ያለውን ሳትጨምሪ ሳትቀንሺ ትነግሪኛለሽ፤ ሌላ ትምህርት አልፈልግብሽም» አለኝ።

ስምንተኛ ክፍልን ጨርሼ በሩ ሳያዳልጥ ለክረምት በመጣሁበት ዓመት ሐምሌ፣ አባቴ ፍርዱን መጠበቅ ሰልችቶት ወንዙ ጎደል ባለ ጠዋት በሬዎቹን ነድቶ ተሻገረና ያንን መሬት ማረስ ጀመረ። እናቴ፣ ወንድሜና እኔ ዘሩን ይዘን ልንከተለው ስንል ከላይ ዘንቦ ኖሮ ደራሹ መጣ። ድምፁ ከውሃው ይቀድማል፤ ድንጋይ ከድንጋይ ሲጋጭ ይሰማል። ከዳር ስንደርስ መሻገር የሚባል ነገር የለም። ያ ሰው ከቤቱ ወጥቶ ወደ አባቴ ሲሄድ አየነው። መጥረቢያ ይዟል። የሚነጋገሩት አይሰማም። አስቀድሞ የመታው አባቴ ነው፤ ይህንን ሽማግሌዎች ፊትም አልደበቅሁም። በጅራፉ ፊቱን ገመሰው። ከዚያ መጥረቢያው ሁለት ጊዜ ወጥቶ ወረደ። አባቴ ከትከሻው ተሰንጥቆ በሬዎቹ እግር ስር ወደቀ። በሬዎቹ ደንብረው ሞፈሩን እየጎተቱ በላዩ ላይ ሄዱበት።

እናቴ ወደ ውሃው ገባች። ወንድሜ ወገቧን ይዞ ጎተታት። በክርኗ አፍንጫውን መታ አደማችው፤ አልለቀቃትም። ከዚያ በኋላ ወንዙ እስኪጎድል ቆመን አየን። አባቴ ወዲያው አልሞተም፤ አንድ እጁ ይንቀሳቀስ ነበር። ያ ሰው መጥረቢያውን ጥሎ ወንዙን ተከትሎ ወደ ቆላው ሸሸ። ሚስቱ ብቻዋን መጣች። ነጠላዋን ከቁስሉ ላይ አደረገች፣ ራሱን ጭኗ ላይ አስተኛች፣ በቅል ውሃ ወደ አፉ አስጠጋችለት። እናቴ ከወዲህ ሆና «አትንኪው» ትላለች። ውሃው ድምፅዋን ይበላዋል። ስንሻገር ሞቶ ደረስን። የክርስትና እናቴ ራሱን ቀስ አድርጋ መሬት ላይ አኖረችና ተነስታ ሄደች። ቀሚሷ ከወገቧ በታች ቀይ ነበር።

በእኛ አገር በመካከላቸው ደም ያለ ሁለት ቤቶች በአንድ ማዕድ አይቀርቡም፣ ከአንድ ውሃ አብረው አይቀዱም። ስለዚህ ሽማግሌዎች ምንጩን በሰዓት ከፈሉት፤ ፀሐይ ከቋጥኙ አናት እስክትደርስ የእነሱ፣ ከዚያ ወዲያ የእኛ። ሌላም ሥርዓት ነበር። ገዳይ ከሟች ቤት ሰው እጅ ውሃ ተቀብሎ ከጠጣ፣ ከዚያ በኋላ አይገደልም፤ ነገሩ ወደ ዕርቅ ይሄዳል። ከጠጣ በኋላ የገደለው ቤት ዘር አይተርፍም ይባላል። የሸለቆው እናቶች ለልጆቻቸው ከሁሉ አስቀድመው የሚያስተምሩት ከማን እጅ እንደሚጠጡና ለማን እንደማይሰጡ ነበር።

እናቴ የአባቴን ጋቢ ሳታጥበው ከምሰሶው ላይ ሰቀለችው። ደሙ ጠቁሮ እንደ ቆዳ ደረቀ። ሃያ ዓመት የሞላውን ወንድሜን በቃል ምንም አላለችውም፤ ጋቢው ይናገራል። አንዱን በሬ ሸጦ ውጅግራ ጠመንጃ ገዛ፣ ጠጉሩን ላይላጭ ተሳለ። ወደ ሁለት ዓመት ገደማ በበሩ አናትና በየጥሻው ሲያደባ ከረመ። የመንግሥት ነጭ ለባሾችም አንድ ሁለቴ ሊይዙት ቆላ ወርደው ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። በእኛ በኩል ያሉት ሴቶች ራሳቸው ከምንጩ ሲያልፍ ሲያዩት ማላገጥ ጀመሩ።

«አንተ ልጅ፣ ያንን ብረት ብታውሰኝ ምን አለበት?» አለችው አንዲት አሮጊት። «ጥጥ እዳምጥበት ነበር።»

«ዝጓል እማማ» አለች ሌላዋ። «ጥጥዎን ያቆሽሽብዎታል።»

«ለእህቱ ይስጣታ። እሷ ፊደል ስትለይ የኖረች ናት፣ ሰው መለየት አያቅታትም።»

ወንድሜ አንገቱን ደፍቶ አለፈ። በማግስቱ እርሻ ላይ የቀረውን በሬ እስኪወድቅ ገረፈው።

አሥረኛ ክፍል ሆኜ ለፋሲካ መጣሁ። ሰሙነ ሕማማት ነበር። ቆላ የሸፈተ ሰው ለፋሲካ ቤቱን ማየቱ እንደማይቀር ወንድሜ አስቦበታል።

«በሕማማት?» አለችው እናቴ። በዚያ ሳምንት ለሞተ ሰው ፍትሐት አይደረግም።

«የሁላችንም ፍትሐት ሆሳዕና ዕለት ደርሷል» አላት።

እውነቱን ነው፤ ቀሳውስቱ በሕማማት ለሚሞት ሁሉ ፍትሐቱን ሆሳዕና ዕለት አስቀድመው ያደርሱታል። እናቴ ስንቁን ቋጠረችለትና ሸለቆው ሁሉ ቁልቁል ወደሚታይበት ወደ በሩ አናት ወጣ።

ረቡዕ ፀሐይ ከቋጥኙ አናት ካለፈች በኋላ እንስራዬን አዝዬ ምንጩ ዘንድ ሄድሁ። ከቋጥኙ ጥላ አንድ ሰው ተቀምጧል። ጢሙ ደረቱ ላይ ወርዷል፣ የቆላ ንዳድ ዓይኑን ቢጫ አድርጎታል። ወዲያው አወቅሁት።

«አንቺ ነሽ?» አለኝ።

«እኔ ነኝ።»

«አባትሽን መስለሻል።»

እንስራዬን አወረድሁ።

«ሰዓቱ የእናንተ ነው» አለ። «ምንጩን ነክቼ አላረክስባችሁም። አጠጪኝ።»

«ይነሱና ይሂዱ። በሩ ላይ እየጠበቀዎት ነው።» አንቱታው ከልጅነቴ ጀምሮ አፌ የለመደው ስለሆነ መተው አላወቅሁበትም።

«እግሬ አይሄድም ልጄ።»

ያን ጊዜ ያሰብሁት ስለ ክርስትና እናቴ ቅል ነበር። አባቴ ይጠጣ አይጠጣ ከማዶ ሆኜ መለየት አልቻልሁም። ቅሉን ከአፉ እንዳላራቀች ግን አይቻለሁ። ቅሌን ከምንጩ ሞልቼ ሰጠሁት። በሁለት እጁ ይዞ ጠጣ፤ ውሃው በጢሙ ላይ ወረደ። ጥሙ የእውነት ነበር። ሥርዓቱንም እኔ የማውቀውን ያህል ያውቀዋል። የትኛው እንዳስለመነው እስከ ዛሬ አልወሰንሁም።

ወንድሜ ከበሩ ላይ ሆኖ አንድ ሰው ወደ ምንጩ እየተንፏቀቀ ሲሄድ አይቶ ኖሮ፣ ሩጦ ሲደርስ ቅሉ ገና በሰውየው እጅ ነበር። ጠመንጃውን አነጣጠረ።

«ዞር በይ።»

«ጠጥቷል» አልሁት።

«ምን?»

«ውሃ። ከእጄ።»

ቅሉን አየ፣ የረጠበውን ጢም አየ። ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እህቴ፣ እዚህ ከእኛ ሌላ ሰው የለም። ራሱ ቀድቶ ጠጣ በይ። ይህችን ብቻ በይልኝ።»

«ራሱ አልቀዳም። እኔ ነኝ የሰጠሁት።»

«ጋቢውን አላየሽም?»

«አየዋለሁ።»

«ታዲያ ምን አድርግ ትይኛለሽ? ዘላለምህን ጥጥ ዳምጥ?»

አንድ ቃል ብቀይርለት ሰውየው ይሞታል፣ ወንድሜ ይሸፍታል፣ የዚያኛው ቤት ልጆች ደግሞ አድገው ወንድሜን ይፈልጉታል። ይህን ሁሉ ያኔ አስልቼው ነበር ብል ውሸት ይሆናል። ያየሁትን ሳልጨምር ሳልቀንስ መናገር ብቻ ነበር የማውቀው።

«ጠጥቷል» አልሁ እንደገና።

በሰደፉ አገጬን መታኝ። ወድቄ ሳለሁ ጠመንጃው ጮኸ፤ የሞትሁ መሰለኝ። እንስራዬ ላይ ነበር የተኮሰው። ስብርባሪዋ ፊቴ ላይ ወረደ፤ ሦስት ጥርሴን ከደሙ ጋር ተፋሁ። ከዚያ ወደ ሰውየው ዞሮ በሰደፉ ይደበድበው ጀመር። ክንዱ ሲሰበር እንደ ደረቅ እንጨት ተሰማኝ። ሰውየው አልተከላከለም፣ አልጮኸምም። ወንድሜ እጁ ሲዝልበት በመቀነቱ ይዞ መሬት ለመሬት እየጎተተ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ወሰደውና ሽማግሌዎች እግር ስር ጣለው። «ከእህቴ እጅ ጠጥቷል» አላቸው፤ ቁጭ ብሎም አለቀሰ።

ከፋሲካ በኋላ ዕርቁ ተደረገ። ያ ሰው የተሰበረ ክንዱን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ፣ በሌላው እጁ ድንጋይ ከትከሻው ደግፎ መጥቶ ከወንድሜ እግር ላይ ተደፋ። ወንድሜ ድንጋዩን አነሳለት። የሚያጣላውን መሬት ለቤተ ክርስቲያን ሰጡት። ሰውየው ዓመት ሳይሞላው በንዳዱ ሞተ። በሸለቆው በአልጋቸው ላይ ከሞቱት ጥቂቶች አንዱ እሱ ነው።

እናቴ ከዕርቁ ላይ አልተገኘችም። በዚያ ቀን ጋቢውን ከምሰሶው አውርዳ ምንጩ ዘንድ ሄደች፣ ብቻዋን ስታሸው ዋለች። ስትመለስ፣ «ማንን ጠይቀሽ?» አለችኝ። መልስ ሳትጠብቅ ጋቢውን አሰጣችው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔ የቀዳሁትን ውሃ አልጠጣችም። አልረገመችኝም፣ አላባረረችኝም፤ ያበሰልሁትን ትበላለች፣ ስታመም ራሴን ትደግፋለች። ውሃዋን ግን ራሷ ትቀዳ ነበር። ስታረጅ ደብረ ማርቆስ ከቤቴ አመጣኋት። ግቢው ውስጥ ቧንቧ ነበረን። ግድግዳውን እየተደገፈች ትወጣና ጣሳዋን ሞልታ ትመለሳለች። እኔ በመስኮት አያት ነበር፤ ላግዝሽ ብዬ አላውቅም።

በመጨረሻዋ ሳምንት መነሳት አቃታት። ከንፈሯ ደርቆ ተሰነጠቀ። ጣሳውን ወደ አፏ ሳስጠጋ ዓይኔን እያየች ከንፈሯን ገጠመች። ሁለት ጊዜ ሞከርሁ። ከዚያ ጎረቤቴን ጠራኋትና ጣሳውን ደፍታ ራሷ ከቧንቧው እንድትቀዳ ነገርኋት። ከእሷ እጅ ጠጣች።