ሐውልቱ የወደቀ ዕለት

ከጎረቤቴ አዲስ ቤት እየተሠራ ነው። ዲላ አሁን በየሰፈሩ ግንባታ ስለሆነ ነገሩ አይገርምም። ሲሚንቶውንም፣ አሸዋውንም፣ ከጠዋት ጀምሮ መንገድ የሚዘጋውን ገልባጭ መኪናም ለምጄዋለሁ። ያልለመድኩት ድምፁን ነው። ሁለት ጎረምሶች ለመሠረት የመጣውን ጥቁር ድንጋይ በመዶሻ ይፈልጣሉ። ብረቱ ሲያርፍበት ድንጋዩ መጀመሪያ ይጮኻል፤ ሊሰነጠቅ ሲል ደግሞ ድምፁ ይወፍራል። ባለፈው ቅዳሜ ሻይ ልጠጣ ስል ያ የወፈረ ድምፅ መጣና ብርጭቆው ከእጄ አመለጠ። ልጄ ከጓዳ ብቅ ብላ «እማዬ፣ ምን ሆንሽ?» አለችኝ። «ምንም» አልኳት። ምንም ግን አልነበረም። ለእሷ ፊት ለፊት መንገር ስላቃተኝ እጽፈዋለሁ።

ነገሩ የሆነ ጊዜ ሃያዎቹን ገና መጀመሬ ነበር። ተወልጄ ያደግሁት እዚሁ ዲላ ነው። አባቴ ከጉራጌ አገር መጥቶ ከገበያው ዳር የጨርቅ ሱቅ የከፈተ ሰው ነበር። እኔ ሱቁን ትቼ አዲስ አበባ ሥዕል ልማር ሄድኩ፤ ይህን አባቴ እስኪሞት ድረስ እንደ በሽታ ነው የቆጠረው። የጥበብ ታሪክ የሚያስተምሩን መምህር ትረካቸውን ከዋሻ ነበር የሚጀምሩት። ግድግዳ ላይ በቀይ አፈር የተሣሉ አውሬዎች፣ ቀጥሎ የሜሶጶጣሚያ የጭቃ ጡብ ከተሞች፣ ቀጥሎ ፒራሚዶች፣ ከዚያ አክሱም። አንድ ቀን የሣልኩትን አይተው «አንቺ የዲላ ልጅ አይደለሽም እንዴ? ደጃችሁ ላይ የቆመውን ድንጋይ ሥለሽ አምጪ እንጂ የፈርዖን አፍንጫ ምን ያደርግልሻል?» አሉኝ። ተናደድኩ። ቢሆንም በጥቅምት ዕረፍት ብርሃኑ የሚባለውን የክፍል ጓደኛዬን አስከትዬ መጣሁ። ብርሃኑ የጎጃም ልጅ ነው፤ ረጅም፣ ዝምተኛ። አባቴ ገና ሲያየው ፊቱን አጠቆረበትና መኝታ ይፈልግ ብሎ ወደ ሆቴል ሰደደው።

መጀመሪያ ያየነው ከከተማው ወጣ ብሎ ገደል ውስጥ ያሉትን ላሞች ነበር። ዓለቱ ላይ የተቀረጹ ናቸው፤ ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ይሄዳሉ። ጭንቅላታቸው ትንሽ ነው፣ ቀንዳቸው ረጅም፣ ጡታቸው ግን የሞላ። ብርሃኑ መዳፉን አንዷ ላም ሆድ ላይ አሳርፎ ቆየና «የሠራት ሰው ተርቦ ነበር» አለ። እኔ ጠግቦ ነበር ባይ ነኝ። በዚህ ስንከራከር ውለን ተመለስን። ከዚያ ጉዞ ደስታ ሆኖ የቀረልኝ ይኸው ነው።

ትክል ድንጋዮቹ ያሉበት መስክ ከወናጎ ከተማ ገባ ብሎ ነው። መንደሩን በስሙ አልጠራውም፤ ልጆቻቸው አሁንም እዚያ ይኖራሉ። ከአስፋልቱ ወርደን በእንሰትና በቡና መሐል ሽቅብ ወጣን። ዝናቡ ገና አላባራም ነበርና ቀዩ ጭቃ ጫማችንን እየያዘ ያስቀርብን ነበር፤ ከእንሰቱ ቅጠል የሚወርደው ውኃ ደግሞ አንገታችን ውስጥ ይገባል። መስኩን ይዘው የሚያርሱት ጋሽ ጅግሶ የሚባሉ አዛውንት ነበሩ። አማርኛን የለመዱት በትልቅነታቸው ስለሆነ ሴቱንም ወንዱንም «አንተ» ይሉ ነበር። «ና፣ ልጄ፣ ግባ። በርዶሃል» ሲሉኝ ብርሃኑ በሳቅ ፈረሰ። ትኩስ ቆጮ በጎመንና በአይብ አቀረቡልን። ከመብላታችን በፊት ጭቃችንን ያጠበልን ልጃቸው ዱካሌ ነበር። በእኔ ዕድሜ ነው፤ ሰፊ ትከሻ፣ ቶሎ የሚስቅ፤ ቡናው ከተለቀመ በኋላ ሚስት ሊያገባ ነበር።

ዱካሌ ድንጋዮቹን በየተራ እየወሰደ አሳየን። አንዳንዱ ለስላሳ ነው፣ አንዳንዱ ፊት አለው፤ ዓይንና አፍንጫ ብቻ፣ አፍ የሌለው። ከሁሉ ረጅሙ መሐል ላይ ቆሞ ነበር፤ ከብርሃኑ ይበልጣል፣ ወገቡ ላይ የተጠላለፈ መስመር ተቀርጾበታል። «ይኼ አያቴን ይመስላል» አለ ዱካሌ። «ሲቆጣ እንዲህ ነበር የሚቆመው።» ሥር ሥራቸው የተቀበረ ሰው እንዳለ ሁሉም ያውቃል፤ ማን እንደሆነ የሚያውቅ ግን የለም። ስንት ጊዜ ተቀምጬ ሣልኩት፤ እግሩ ከመሬት የሚገናኝበት ቦታ ላይ ስደርስ ግን እርሳሴ ሁልጊዜ ይሳሳት ነበር።

በዚያው ሰሞን ከድንጋዮቹ ሥር ወርቅ አለ የሚል ወሬ ይናፈስ ነበር። ወሬውን ወደዚያ ቤት ያስገባው ጥላሁን ነው። ጥላሁን የጋሽ ጅግሶ የሟች ወንድማቸው ልጅ ነበር። ከዱካሌ ጋር በአንድ አልጋ ተኝቶ ነው ያደገው። ይርጋጨፌ ቡና ሲጭን ነው ወርቅ ፈላጊ ነን ከሚሉ ሰዎች ጋር የገጠመው። እኛ የምናድረው እዚያው ቤት ነበርና፣ በደረስን ማግስት መጥቶ አጎቱን ሲለምን ሰማሁ። ዲላ ስላደግሁ ጌዴኦኛ እሰማለሁ። «አንድ ብቻ፣ አባ። አንዱን ብቻ እንየው» አላቸው። ጋሽ ጅግሶ የያዙትን በትር ወረወሩበት። ትከሻውን አገኘው። ዞር ብሎ ሳያይ ወጣ።

በነጋታው ጠዋት ቁርስ ላይ ሳለን ከመስኩ በኩል ብረት ድንጋይ ሲመታ ተሰማ። ዱካሌ እጁን ሳይታጠብ ሮጠ። ብርሃኑና እኔ ተከተልነው። ጋሽ ጅግሶ ወደ ታችኛው ማሳ ወርደው ነበር። ስንደርስ ጥላሁንና ሦስት የማናውቃቸው ሰዎች የረጅሙን ድንጋይ ሥር ከበው ቆፍረዋል። ጉድጓዱ ውስጥ ገብቶ በድጅኖ የሚቆፍረው ጥላሁን ራሱ ነው። ድንጋዩ ዘምሟል።

«ውጣ!» አለው ዱካሌ።

«ዱካሌ፣ ሂድ። ካገኘን ላንተም ሠርግህ ነው።»

«ውጣ አልኩህ!»

ዱካሌ ዘሎ የአንዱን አካፋ ቀማ። ሰውዬው በቡጢ መለሰለት። ሌላው ከኋላ መጣና በሌላ አካፋ ስለት ጭንቅላቱን መታው። ድምፁ እርጥብ እንጨት ሲፈለጥ የሚሰማው ዓይነት ነበር። ዱካሌ በጉልበቱ ወደቀ፣ ተነሣ፣ የመታውን ሰው ወገብ ይዞ አብሮት ተንከባለለ። ብርሃኑ ገብቶ ሊያላቅቃቸው ሲል ሁሉም በአንድ ላይ ድንጋዩ ላይ ወደቁበት። ያን ጊዜ ነው ያ የወፈረ ድምፅ የመጣው። ድንጋዩ ከወገቡ ተሰነጠቀና የታችኛው ክፍል ወደ ጉድጓዱ ተንሸራቶ የጥላሁንን እግር ከጭኑ ላይ ያዘው። የጥላሁንን ጩኸት መግለጽ አልችልም። ሦስቱ ሰዎች መሣሪያቸውን ጥለው እንሰቱ ውስጥ ገቡ።

እኔ ኡኡታዬን ለቀቅሁት። በጌዴኦኛም በአማርኛም ጮኽኩ። ሰው ከየአቅጣጫው መጣ፤ ገጀራ ይዞ፣ በትር ይዞ፣ ቡና ሲለቅም የነበረው ቅርጫቱን እንደያዘ። ዱካሌ አንዱን ሐውልት ተደግፎ ተቀምጧል። ነጠላዬን ራሱ ላይ አስሬለት ነበር፤ ወዲያው ቀላ። ሰዎቹ እሱን አዩ፣ ጉድጓዱ ውስጥ ያለውን ጥላሁንን አዩ፣ የወደቀውን ድንጋይ አዩ። ነገሩን የሚያስረዳቸው አላስፈለጋቸውም። የመጀመሪያውን ድንጋይ የወረወረችው ሴት ነበረች። ከዚያ ሁሉም ወረወረ። ጥላሁን እጁን ፊቱ ላይ አድርጎ እናቱን ይጣራል፤ እናቱ ደግሞ ከሞተች ቆይታለች። ብርሃኑ ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆሞ «ተዉ! ተዉ!» ሲል በትር ክንዱን ሰበረው። እኔ ልጎትተው ስቀርብ አንድ ድንጋይ አፌን አገኘኝ። የፊት ጥርሴን ከነደሜ ተፋሁት። አንድ ሰው ገጀራውን ይዞ ወደ ጉድጓዱ መውረድ ጀመረ።

ጋሽ ጅግሶ ያኔ ደረሱ። ሮጠው ስለመጡ ደረታቸው ይወጣል ይወርዳል። ወደ ልጃቸው ሄደው አገጩን ቀና አድርገው ዓይኑን አዩት። ከዚያ መጥተው ገጀራ የያዘውን ሰው በአንገት ልብሱ ያዙት። «መጀመሪያ ድንጋዩን አንሡለት» አሉ በጌዴኦኛ። «ካነሣችሁት በኋላ ትገድሉታላችሁ። ድንጋይ የተጫነውን ሰው አይገድሉም።»

ይህ ነገር ሕግ ይሁን ያን ጊዜ የፈጠሩት፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። ግን ሰዎቹ ቆሙ።

ማንሣቱ ቀላል አልነበረም። ወፍራም ግንድ ተቆርጦ መጣ፣ የሸሹት ሰዎች ድጅኖም ነበር። ግንዱን ከድንጋዩ ሥር አስገብተን ሁላችን ጫፉ ላይ ተንጠለጠልንበት። ትንሽ ሲነሣ አንዱ ከሥሩ ጠጠር ያጎርሰዋል፣ እንደገና እንንጠለጠላለን፣ እንደገና ሌላ ድንጋይ ይገባል። መምህራችን የጥንት ሰዎች ድንጋይ እንዴት እንዳነሡ ሲያስረዱ ይህንኑ በጠመኔ ሰሌዳ ላይ ሥለውልን ነበር። እዚያ ላይ ሰዎቹ ቀጫጭን መስመሮች ነበሩ። እዚህ ግን የሰው ወገብ ነው፣ ላብ ነው፣ ከጎኔ የሚያቃስተው ሰው ደግሞ ቅድም አፌን የመታኝ ሊሆን ይችላል። አብረን «ሆ!» እንላለን። ያቺ መጀመሪያ የወረወረች ሴት ጠጠር ስታቀብል አየኋት።

በመሐል ወደ ዱካሌ ሄድኩ። ከንፈሩ ነጥቷል። «ጥላሁን ወጣ?» አለኝ።

«እየወጣ ነው» አልኩት።

«ሞኝ ነው እኮ» አለ። «ከልጅነቱ ሞኝ ነው።»

ጥላሁንን ጎትተው ሲያወጡት እግሩ እግር አይመስልም ነበር። አንዱ ሄዶ በዚያ እግር ላይ ረገጠው። ጋሽ ጅግሶ ረጋጩን በጥፊ መሬት ላይ ጣሉት፤ ሌላ ሰው አልደፈረም። ሁለት ቃሬዛ ተሠራ። ሁለቱ ወንድማማቾች፣ ወንድማማች ነው የምላቸው፣ ፊትና ኋላ ሆነው በዚያ ጭቃ ቁልቁል ወረዱ። ጋሽ ጅግሶ በመሐል ይሄዳሉ። ብርሃኑ ክንዱን በእጁ አቅፎ ከኔ ጋር ከኋላ ነበር።

ዱካሌ አስፋልቱ ሳይታይ ሞተ። የተሸከሙት ሰዎች ናቸው ያወቁት፤ በአንድ ጊዜ ቆሙ። ወሬው ወደ ኋላ ሲደርስ ጥላሁንን የተሸከሙት ቃሬዛውን መንገዱ መሐል ለቀቁት። ወድቆ ጮኸ። ገጀራው እንደገና ወጣ። ጋሽ ጅግሶ የልጃቸውን ፊት ሸፈኑ። ቀስ ብለው ተመልሰው መጡ፤ ማንንም አላዩም። ጎንበስ ብለው የጥላሁንን ቃሬዛ የፊት ጫፍ ብቻቸውን አነሡ። ብዙ ጊዜ የቆዩ መሰለኝ። የኋላውን ለመያዝ የመጀመሪያዋ እኔ ነበርኩ፤ ከኔ ቀጥሎ አንድ ሽማግሌ፣ ከዚያ ሌሎች ቀረቡ። ከወናጎ ቡና የጫነ አይሱዙ አሳፍሮን ዲላ ሆስፒታል ገባን።

ጥላሁን እግሩን አጣ፣ ታሰረ፣ ተፈታ። ከሦስቱ ሰዎች አንዱ ተያዘ፤ ሌሎቹ የት እንደገቡ አላውቅም። የደሙ ጉዳይ በሶንጎ፣ በሽማግሌዎቹ ሸንጎ ማለቴ ነው፣ ብዙ ተመከረበትና በዕርቅ አለቀ። ጥላሁን ከእስር ሲወጣ የተመለሰው ወደዚያው ቤት ነው። ብርሃኑ ከዚያ ወዲህ ዲላ አልመጣም። እኔ በዚያ ዓመት ለምርቃት የላም ሥዕል አቀረብኩ።

ከብዙ ዓመት በኋላ ጋሽ ጅግሶን ደፍሬ ጠየቅኋቸው። ድንጋዩን በማንሣታቸው ይጸጸቱ እንደሆነ። ዕድሜ ጎድቷቸው ነበር፤ ያለ ጥርስ ሳቁብኝ።

«አንተ ልጄ፣ ብዙ ትጠይቃለህ። አንዳንድ ቀን ያቺን ግንድ ባልያዝኩ እላለሁ። ጠዋት ጠዋት በተለይ። ከዚያ እሱ በአንድ እግሩ እየዘለለ ውኃ ያመጣልኛል። እጠጣለሁ። ምን ላድርግ?»

አሁን እኔም የጥበብ ታሪክ አስተምራለሁ። ከዋሻው እጀምራለሁ፣ በጭቃው ጡብ አልፌ ፒራሚድና አክሱም እደርሳለሁ። ተማሪዎቼ ማን ሠራው፣ በምን ሠራው ይሉኛል፤ የማውቀውን እነግራቸዋለሁ። የትክል ድንጋዮቹ ተራ ሲደርስ ግን እፈጥናለሁ። መጻሕፍት ያን ድንጋይ ያቆመውን ሕዝብ ሲያወሱ ሁልጊዜ አንድ ልብ፣ አንድ እጅ እንደነበረው አድርገው ነው። እኔ ግን እንደዚያ አድርጌ ላስበው አልችልም። ግንዱ ላይ ሲንጠለጠሉ አብረው «ሆ!» ብለዋል፤ ከዚያ በፊት በነበረው ሰዓት እርስ በርስ ምን ሲደራረጉ እንደነበር የሚነግረን የለም።

ባለፈው ጥቅምት ሄጄ ነበር። ጋሽ ጅግሶ ከዱካሌ ጎን ተቀብረዋል፤ ከቤቱ ጀርባ፣ እንሰቱ ሥር። ጥላሁን ሸብቷል። ክራንቹን መሬት ላይ አስተኝቶ በመቀመጫው እየተንፏቀቀ የሁለቱን መቃብር ሣር ይነቅል ነበር። አወቀኝ፤ ራሱን ነቅነቅ አድርጎ ሰላም አለኝ። እኔም ቦርሳዬን አስቀምጬ ከጎኑ ተንበረከክሁ። የአፈሩ እርጥበት በቀሚሴ አልፎ ጉልበቴ ደረሰ። ዝናቡ እስኪመጣ ድረስ እሱ ከአባትየው በኩል፣ እኔ ከልጁ በኩል ስንነቅል ቆየን።