የተገለበጠው ስድስት

ጸሐፊው ይሉታል እንጂ በዕድሜው ሙሉ አንድ ዓረፍተ ነገር ጽፎ አያውቅም። በባቡር ድርጅቱ የጥገና ግቢ ውስጥ ሠላሳ አራት ዓመት የጻፈው ቁጥር ብቻ ነው። ፉርጎ ታጥቦ፣ ተበይዶና ቀለም ተቀብቶ ሲወጣ ጎኑ ላይ ቁጥሩን የሚያሳርፈው እሱ ነበር። ሠራተኞቹ «ጸሐፊያችን ዛሬ ምን ደረሰ?» እያሉ ሲተርቡት ፊቱን ሳያጠቁር «ስምንት መቶ ሦስትን» ብሎ ይመልስላቸዋል።

ጡረታ ሲወጣ ግን እጁ ሥራ ፈትቶ መቀመጥ አልሆነለትም። በመጀመሪያው ወር የቤቱን በር ሁሉ ሦስት ሦስት ጊዜ ፈቶ ገጠመ። በሁለተኛው ወር የማይነቃነቀውን ጠረጴዛ ይነቃነቃል ብሎ እግሩን ሞረደውና እውነትም መነቃነቅ ጀመረ። ባለቤቱ የረጅም ዘመን አዋላጅ ነበረች፤ ዛሬም ሰውን ሁሉ የምታየው ሊወልድ እንደደረሰ አድርጋ ነው። «ይህን ሰውዬ ወይ ምጡን ያቅልለት፣ ወይ ከቤቴ ያውጣልኝ» ትል ነበር።

በሦስተኛው ወር ከገበያ አንድ የልጆች የፕላስቲክ ባቡር ይዞ መጣ። ፉርጎዎቹ ሐምራዊ ናቸው፤ ሁለት ትልልቅ ዓይንና የሚስቅ አፍ ተስሎባቸዋል፤ በራቸውም ሥዕል እንጂ በር አይደለም። ጸሐፊው አገላብጦ አያቸውና ተናደደ። ሰው በመጫወቻ ይናደዳል? እሱ ይናደዳል። ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ዓይኖቹን በሞረድ ፋቀ፣ በሩን በምላጭ ቀድዶ የሚንሸራተት አደረገው፣ የወፈረውን ግድግዳ ከውስጥ በኩል በብርጭቆ ወረቀት እየፈገፈገ አሳሳው፣ ከቀጭን ሽቦ መሰላል ቆልምሞ ጎኑ ላይ ለጠፈ። ለብሎኖቹ ጭንቅላት ሙጫ በመርፌ ጫፍ እየነካ አንድ በአንድ ነጠብጣብ አኖረ፤ በአንድ ጎን መቶ አርባ ናቸው። በመጨረሻ ከአሮጌ ምስማር ላይ ዝገት ፍቆ፣ አድቅቆ ከቀለም ጋር ለወሰው። ፉርጎው ክረምቱን ደጅ የከረመ መሰለ። ከዚያ ወዲህ የመኝታ ቤቱ መስኮት ሥር ያለችው ጠረጴዛ የጥገና ግቢ ሆነች፤ ባለቤቱም ትራሷ ላይ የፕላስቲክ ፍቅፋቂ ማራገፍ ለመደች።

ቅዳሜ ቅዳሜ መዶሻው የሚሉት ጓደኛው ይመጣል። መዶሻው በድሮ ሥራው ፉርጎ ፈታሽ ነበር። ባቡር ከመነሣቱ በፊት ከጫፍ እስከ ጫፍ እየተራመደ እግሮቹን፣ ማለት መንኮራኩሮቹን፣ በመዶሻ ይመታል፣ ድምፃቸውን ያዳምጣል፣ ፍሬናቸውን ያያል፣ የታመመውን ፉርጎ ቁጥሩን ጽፎ ያስቀረዋል። ያን ሥራ ካጣ ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ከዚያ በኋላ የትምህርት ቤት በር ጠባቂ ሆኖ አረጀ። ሚስቱ አምና ሞታበት አሁን ከልብስ ሰፊዋ ልጁ ጋር ይኖራል። ጸሐፊው የጨረሰውን ፉርጎ ሲያቀብለው እግሮቹን በጥፍሩ ቀጭ ቀጭ አድርጎ ጆሮውን ያስጠጋና «ሦስተኛው ተሰንጥቋል፣ አይነሣም» ይላል። ሁለቱም ይስቃሉ። ጸሐፊው ግን ከመሳቁ በፊት ምራቁን ይውጣል።

አንድ ቅዳሜ መዶሻው ሳይቀልድ ቀረ። የተሰለፉትን ፉርጎዎች አንድ በአንድ ሲያይ ቆየና፣ «አንድ ፉርጎ ሥራልኝ» አለ።

«የፈለግከውን ውሰድ፣ ሞልቶ የለ።»

«የለም፣ ያንን ነው። ያስባረረኝን። እናቷ ከሞተች ወዲህ ልጄ ነገሩን ትጠይቀኛለች። የቆምኩበትን፣ ቁጥሩን ያነበብኩበትን ቦታ በጣቴ ላሳያት ብዬ ነው። ልክ እንደነበረ አድርገህ።»

ጸሐፊው እሺ አለ። ሌላ ምን ይበል?

ነገሩ እንዲህ ነው። ያኔ መዶሻው በማለዳ ፍተሻ ላይ 819 የተጻፈበት ጥጥ የጫነ ፉርጎ ፍሬኑ እንደማይዝ አይቶ «819 አይነሣም» ብሎ ወረቀት አስገባ። መካኒኮቹ 819ን ግቢው ውስጥ ፈለጉት፣ አገኙት፣ ሞከሩት፤ ፍሬኑ ምንም አልነበረበትም። መዶሻው ዓይኑ ፈዘዘ ብለው ስቀው ወረቀቱን ዘጉት፤ ባቡሩም ተነሣ። ቁልቁለት አናት ላይ ባለ ጣቢያ ከባቡሩ ተለይቶ የቆመ የጥጥ ፉርጎ በራሱ ጊዜ ተንሸራቶ ወረደ፣ ከታች ያለውን መጋዘን ደርምሶ ገባና ተያይዞ ጋየ። ደግነቱ ሰው አልሞተም። የጎኑ ቀለም ተቃጥሎ ጠፋ፤ የቀረው ከሥር ብረቱ ላይ ተቀርጾ የነበረው ቁጥር ነው፤ እሱም 816 ይላል። መርማሪዎቹ ስለ 816 አንድ ቃል አልጻፍክም አሉት። እሱ በዓይኔ ያነበብኩት 819 ነው ብሎ ማለ፣ ተገዘተ፤ የሰማው የለም። ተኝቶ አርፍዶ ቁጥሩን ከጭንቅላቱ ፈጥሮ ሞላ ተባለና ተባረረ።

ያን ፉርጎ ከአደጋው ሳምንት አስቀድሞ ቀለሙን አድሶ ቁጥር የሰጠው ጸሐፊው ነበር። ቁጥር የሚጻፈው ቅርጹ በተቀደደበት ቆርቆሮ ላይ ቀለም በመምታት ነው። ለስድስትና ለዘጠኝ ግቢው የነበረው ቆርቆሮ አንድ ብቻ ነው፤ ስድስት ሲያሻ በደህናው፣ ዘጠኝ ሲያሻ ገልብጦ። ምልክቱ ጥግ ላይ ያለች አንዲት ቀዳዳ ናት፤ ከላይ ከሆነች ስድስት፣ ከታች ከሆነች ዘጠኝ። ያን ቀን ጸሐፊው ከበያጁ ጋር ስለ ኳስ እየተከራከረ ቀዳዳዋን አላያትም። 816 ጎኑ ላይ 819 ተብሎ ወጣ፤ ግቢው ውስጥም ሁለት 819 ሆኑ። በአደጋው ማግስት መዶሻው የማለበትን ቁጥር ሲሰማ ግን ቆርቆሮው እጁ ላይ ነበር፤ ቆሌው ተገፈፈ። ነገ እናገራለሁ አለ። ሚስቱ አርግዛ ነበርና ከወለደች በኋላ አለ። ከዚያ ልጁ ትምህርት ቤት ይግባ አለ። ዛሬ ነገ ሲል ልጁ አግብቶ ወለደ።

አሁን እንግዲህ ሥራው ላይ ተቀመጠ፤ ተቀመጠ ከተባለ። እውነተኛው ፉርጎ ረጅም ስለነበር ሁለት መጫወቻ ቆርጦ አጋጠመ፣ ስፌቱን በሙጫ ደፍኖ እስኪጠፋ ፈገፈገው። በዚህ መሐል ብድግ ይላል፣ እስከ በሩ ሄዶ ይመለሳል፣ ቀለም አለቀብኝ ብሎ ወጥቶ ቀለም ሻጩ ዘንድ ሲደርስ የመጣበትን ይረሳል። ቀለም ሻጩ በትዝብት አየውና «አባባ፣ ትናንትም ዝም ብለው ነው አይተውኝ የሄዱት» አለው። ቤት ሲመለስ መሰላሉን ነቅሎ ደግሞ ይተክለዋል። መሰላሉ ምንም አልነበረበትም። ባለቤቱ ወንበሩ ላይ እሾህ አለ ወይ ብላ ጠየቀችው። የለም አላት፤ ቢኖር ይሻለው ነበር።

ሁሉም አለቀና ቁጥሩ ቀረ። ብሩሹን ሦስት ቀን ነክሮ ሦስት ቀን አጠበ። 816 ቢጽፍ መርማሪዎቹ ያሉትን በገዛ እጁ ማጽደቁ ነው፤ መዶሻውን ሁለተኛ ውሸታም ማድረጉ ነው። 819 ቢጽፍስ? ያ እውነቱ ነው። መዶሻው ሲያየው ነገሩ ይገባዋል፣ እኔም አፌን ሳልከፍት ተናገርኩ ማለት ነው ብሎ አሰበ። ሰው ፈሪ ሲሆን እንዲህ ያለ ብልሃት አያጣም። በአራተኛው ቀን ትንፋሹን ይዞ 819 ብሎ ጻፈ፤ ጽሕፈቱ አማረ።

ፉርጎውን በጥጥ አልብሶ በጫማ ካርቶን መዶሻው ቤት ወሰደለት። ከተሰፋና ካልተሰፋ ልብስ መሐል ወንበር ተለቀቀለት፤ ልጅቷ ሻይ አቀረበችና ወደ ስፌት መኪናዋ ተመልሳ አንድ እጅጌ መጋጠም ያዘች። መዶሻው ካርቶኑን ከፈተ። እግሮቹን በጥፍሩ መታ፣ በሩን አንሸራተተ፣ መነጽሩን አስተካክሎ ጎኑን አነበበ። ጸሐፊው አሁን ይገባዋል ብሎ ጠበቀ።

መዶሻው ግን ዓይኑ እንባ አቅርሮ ቀና አለ። «ስምንት መቶ አሥራ ዘጠኝ» አለ። «አየሽ ልጄ? ቁጥር ጻፊው ራሱ ነው እንዲህ ብሎ የጻፈው። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ቃሌን ያመነልኝ ይህ ሰው ብቻ ነው።» ተነሥቶም ትከሻውን ሳመው።

እዚህ ላይ ጸሐፊው ሻዩን ጠጥቶ፣ ተመርቆ ወደ ቤቱ መሄድ ይችል ነበር። ከዚህ የሚብስ ነገር ግን በሕይወቱ ደርሶበት አያውቅም። የተሳመው ትከሻው አቃጠለው። ተቀመጠ፣ ተነሣ፣ ሻዩን አንሥቶ ሳይቀምስ አስቀመጠው።

«እኔ ነኝ የጻፍኩት» አለ።

«አዎ፣ አንተ ነሃ። እግዜር ይስጥልኝ።»

«ያኔ ነው የምልህ። በትልቁ ላይ።»

የልብስ ስፌት መኪናው ቆመ። ጸሐፊው ስለ አንዱ ቆርቆሮ፣ ስለ ቀዳዳዋ፣ ስለ ኳሱ ክርክር ሳይቀር ተናገረ። አንዴ ከጀመረ በኋላ ማቆሚያው ጠፋው፤ የበያጁን ስም ሳይቀር ጠራ፤ ማንም አልጠየቀውም። መዶሻው ጉልበቱ ላይ ያለችውን ፉርጎ እያየ እስከ መጨረሻው ሰማው።

«መቼ ነው ያወቅከው?» አለ ቀስ ብሎ።

«በማግስቱ።»

መዶሻው ራሱን ነቀነቀ። ቁጣ የሚጠብቀው ጸሐፊው ቁጣውን አጣው። «ሚስቴ ልትሞት ስትል» አለ መዶሻው፣ «አንተ ግርጌዋ ተቀምጠህ ነበር። እጄን ይዛ ምን እንዳለችኝ ታስታውሳለህ?»

«አስታውሳለሁ።»

«እስቲ በለው።»

ጸሐፊው አለው። «‹ተኝተህ ከነበረም ንገረኝ፣ አልቀየምህም› አለችህ።»

«እኔስ ምን አልኳት?»

«አልተኛሁም አልካት።»

«እሷም ፈገግ ብላ ፊቷን አዞረች። እንዳላመነችኝ አይተሃል። አብረን ነው ያየነው።» ከዚያ ወደ ልጁ ዞረና ፉርጎዋን ከነካርቶኑ አቀበላት። «ሰማሽ ልጄ? አልተኛሁም ነበር።»

ልጅቷ አባቴ ተኝቶ ነበር ብላ ነው ያደገችው፤ ተኝቶ እንደነበር አምና ነው የወደደችው፤ ሰሞኑን የምትጠይቀውም በመጨረሻ አፍ አውጥቶ እንዲነግራት ብላ ነበር። ካርቶኑን አስቀምጣ አባቷ እግር ሥር ተቀመጠችና ግንባሯን ጉልበቱ ላይ ደፋች። መዶሻው አንድ ጊዜ አያትና እሷም እንዳላመነችው ገባው። እጁ ፀጉሯ ላይ ለማረፍ ትንሽ ዘገየ፤ ኋላ ግን አረፈ።

ጸሐፊው ኮፍያውን በሁለት እጁ እያሽከረከረ በሩ አጠገብ ቆሞ ነበር። ሂድም፣ ተቀመጥም ያለው ሰው አልነበረም።